ሺሙን ከመደጋገምሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በ1.5 ቴስላ የኤምአርአይ ማሽን ባነሳሽው የአንጎል ዲፊውዥን (የውሃን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ምስል) ላይ ከዓይን ጉድጓድ በላይ ያለው ቦታ ተለጥጦ ነጭ ሆነብኝ፣ ሺሙን (የማግኔቱን መስክ ማስተካከያ) ሦስቴ ደግሜም ያው ነው፣ ስትሮክ ይሆን ወይስ ማሽኑ ተበላሽቶ ብለሻል።

ባሕር ዳር ኤምአርአይ ላይ ስሠራ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። ባዶውን ማሽን መሐንዲሶቹ አስተካክለውት ይሄዳሉ፤ ሰው ሲገባበት ግን መስኩ እንደገና ይዛባል። አየርና ሥጋ በማግኔት ውስጥ ያላቸው ባሕርይ በሚሊዮን 9 ገደማ ስለሚለያይ፣ ሳይነስ (የፊት አጥንት ውስጥ ያለ ክፍተት) ውስጥ ያለው አየር ከላዩ ያለውን አንጎል ያውካል። የሺም ጥቅልሎች የሚያቃኑት ሰፋና ለስለስ ያለውን መዛባት ነው። ከሳይነስ በላይ ያለው ጠባብና ሹል ስለሆነ አሥር ጊዜ ብትደግሚውም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ይልቅ የሺም ሳጥኑን (መስኩ የሚስተካከልበትን ክልል) አጥብበሽ አንጎሉ ላይ ብቻ አድርጊው፤ አንገትና አየር አይግባበት።

ዲፊውዥን ላይ የሚብሰው ኢኮ ፕላነር በሚባለው ፈጣን የማንበቢያ ዘዴ ስለሚነሳ ነው። በፋዝ አቅጣጫ (ምስሉ በዝግታ በሚነበብበት ጎን) ለአንድ ፒክስል 20 ሄርዝ ከደረሰው፣ የ100 ሄርዝ መዛባት ምስሉን 5 ፒክስል ያንሸራትተዋል። ምስሉ ይጥራ ብለሽ ማትሪክሱን (የፒክስሉን ብዛት) ብቻ ብታሳድጊ ንባቡ ይረዝምና ይብስብሻል። ፓራለል ኢሜጂንግ (በብዙ መቀበያ ጥቅልሎች ንባቡን የሚያሳጥር ዘዴ) ካለሽ ተጠቀሚበት። ከዚያ የፋዝ አቅጣጫውን ገልብጠሽ ድገሚ፤ የተለጠጠው ከተጨማደደ የመስክ ጉዳይ ነው። ትኩስ ስትሮክ ኤዲሲው (ከዲፊውዥኑ የሚሰላው ካርታ) ላይ ይጠቁራል። ከጠቆረ ሺሙን ተዪና ለሐኪሙ ወዲያው ደውዪ።

ሌላው ብረት ነው። አንድ ጊዜ ከሞጣ በኩል የመጡ እናት ሻሻቸውን ማውለቅ አፈሩ፣ እኔም አላስጨነቅኳቸውም። ምስሉ ሲወጣ የአንጎላቸው አንድ ጎን ጥቁር ጉድጓድ ሆነ፤ በመስክ መዛባት ቶሎ የሚጎዳው ግራዲየንት ኢኮ የሚባለው ምስል ላይማ ጭራሽ ጠፋ። ከሽሩባቸው ሥር የፀጉር መርፌ ነበር። ሳይጎዳቸው መውጣቱን ሳስብ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። ከዚያ ወዲህ ሴት ነርስ ከመጋረጃ ጀርባ ሽሩባቸውን ሳታይልኝ አላስገባም። ማተብም እንዲሁ ነው፤ ክሩ ምንም አያደርግም፣ የተንጠለጠለው ብረት ግን መውጣት አለበት። «ማተብዎን ይፍቱ» ብትዪ ያዝኑብሻል። «መስቀሉን ልያዝልዎ፣ ክሩ ይቆይ» በያቸው፣ ደስ ብሏቸው ይሰጡሻል።

ዛሬ ማታ ተረኛ ነኝ፤ የኤዲሲውን ምስል የታካሚውን ስም ሸፍነሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።