የት ብንሄድ ተፈጥሮን አንጎዳም? የአንባቢዎቻችን ጥያቄዎች

ከሰሞኑ ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ጉዞ ናቸው። ሦስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ሁለት ልጆቻችንን ይዘን ለሦስት ቀን ከአዲስ አበባ ወጣ ማለት አስበናል። አካባቢውን የማይጎዳ፣ የአገሬውን ሰው የሚጠቅም ቦታ ብናገኝ ደስ ይለናል። ግን አሁን ሎጁ ሁሉ «ኢኮ ሎጅ» ሆኗል። ሳር ክዳን ካለው ኢኮ ነው ማለት ነው? እውነተኛውን በምን እንለየው? (ከአያት ሰፈር)

መልስ፦ ሳር ክዳኑ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስምጥ ሸለቆ አንድ ሐይቅ ዳር ያረፍኩበት ሎጅ በጣም ያማረ የሳር ጎጆ ነበረው። ማታ ማታ እንግዳ እንዲደሰት ተብሎ ትልቅ እሳት ይነዳል። የሚነደው ደግሞ ግራር ነው። ጠዋት በእግሬ ዞር ዞር ስል ከአጥሩ ጀርባ የሃይላንድ ፕላስቲክና ፌስታል ተቆልሎ አየሁ፤ ግማሹ ተቃጥሏል፣ ግማሹን ንፋስ ወደ ሐይቁ እየነዳው ነው። በጣም አዘንኩ፤ ከፍዬ ያረፍኩት እኔ ነኝና ከዚያ ክምር ውስጥ የእኔም ቆሻሻ አለበት።

ከዚያ ወዲህ ቦታ ከመያዜ በፊት ደውዬ እጠይቃለሁ። የሻወሩ ውሃ የሚሞቀው በእንጨት ነው ወይስ በሶላር? ቆሻሻው የት ነው የሚሄደው? የሽንት ቤቱ ፍሳሽስ? እዚያ ከሚሠሩት ሰዎች ስንቶቹ የሰፈሩ ልጆች ናቸው? ሥራውን ከልቡ የሚሠራ ሰው ይህን ሲጠየቅ ደስ ብሎት ያስረዳል። መልሱን የሚያድበሰብስ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ቦታውን የሚጠብቀው ማን ነው? እናንተ የምትከፍሉት ብርስ እሱ ጋ ይደርሳል? ጫካውን፣ ሳሩን፣ አውሬውን ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው እዚያው የሚኖረው ገበሬ ነው። እሱ ካልተጠቀመ ዛፉን ለከሰል ቢቆርጠው አልፈርድበትም። ልጆቹን ማብላት አለበት።

ለዚህ ነው መንዝ ጓሳን ሳልጠቅስ የማላልፈው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ውርጭ የሚወርድበት ደጋ ነው። ጓሳ የሳሩም ስም ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሠራበታል። የመንዝ ሰዎች ይህን መሬት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በደንብና በሥርዓት ነው የያዙት። ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይነካውም። ሳሩ ሲደርስ ተመካክረው ይከፍቱታል፣ ባለድርሻው ሁሉ ያጭዳል፣ ከዚያ መልሰው ይዘጉታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ያ የአባቶች ሥርዓት ፈረሰ፣ ጓሳም ተጎዳ። ሕዝቡ ግን አልተወውም። ውሎ አድሮ በየቀበሌው ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ደንብ አውጥቶ፣ ጠባቂ መድቦ እንደገና ያዘው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ቱሪስት የሚባል ነገር ሳይታሰብ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸው ብለው ነው የጠበቁት።

እዚያ የማኅበረሰቡ የራሱ ማረፊያ አለ። ቅንጦት አትጠብቁ። ስንቃችሁን ያዙ፣ ለልጆቹ ወፍራም ልብስ ያዙ፣ ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይበርዳል። ጠዋት ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው እንደ በግ መንጋ ሳር ሲግጡ ልጆቻችሁ ቁጭ ብለው ያያሉ። ዕድል ካላችሁ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን ታያላችሁ። እባካችሁ ለጭላዳዎቹ ዳቦና ብስኩት አትስጡ። ሰው ያበላው እንስሳ ሳሩን ትቶ ሰው ይከተላል፣ ከዚያ እህል ይሰርቃል፣ ከዚያ ከገበሬው ጋር ይጣላል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይቀድማል። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ያሉ ሰዎችን ደውላችሁ ጠይቁ። ጥሩ አይደለም ካሏችሁ ጓሳ ይቆይ፤ የትም አይሄድም።

ቀረብ ያለ ከፈለጋችሁ ወንጪ አለላችሁ። በአምቦም በወሊሶም ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ወደ ሐይቁ ስትወርዱ ፈረሱን ከአካባቢው ሰዎች ተከራዩ፣ ጀልባውንም እንደዚሁ። ማርም ግዙ። ዋጋ ተከራክራችሁ 50 ብር ብታስቀንሱ ለእናንተ ምንም አይጨምርም፤ ለፈረሱ ባለቤት ግን ትርጉም አለው።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዚህ ሐምሌ ለሦስት ሳምንት አገር ቤት እመጣለሁ። ላሊበላ፣ ባሌ፣ አርባ ምንጭ፣ ሐረር ሁሉንም ማየት እፈልጋለሁ። ልጄ ግን «እማዬ፣ አውሮፕላኑ ራሱ አየሩን ይበክላል፤ ከዚያ በኋላ ኢኮ ሎጅ ብትፈልጊ ምን ዋጋ አለው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ እውነቷን ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በአንድ ጉዞ ብቻ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ጉዞ ከምታደርጊው ነገር ሁሉ የበለጠ ነዳጅ የሚያቃጥለው እሱ ነው። ግን እናትሽ አገር ቤት ካሉ፣ ዘመድ ካለሽ፣ አትምጪ የሚልሽ ማን ነው? እኔ አልልም። መሃል ላይ ብዙ ቦታ የማይቆመውን በረራ ያዢ፤ ሲነሳ ብዙ ነዳጅ ይበላልና። ከቻልሽ ደግሞ ሁለት ጊዜ በአጭር በአጭሩ ከመምጣት አንድ ጊዜ መጥተሽ ረዘም አድርገሽ ቆዪ።

ማስተካከል የምትችይው እዚህ ከደረስሽ በኋላ ያለውን ነው። አራት አቅጣጫ በአራት የአገር ውስጥ በረራ አትሩጪ። በሐምሌ ደግሞ ባሌ ዝናብ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ ሰነቴ በሚባለው የባሌ ከፍታ ሜዳ ላይ ምንም ላታዪ ትችያለሽ። አንድ አቅጣጫ ምረጪ። እኔ ብሆን ሐረርን እመርጣለሁ፣ የምሄደውም በባቡር ነው። ከአዲስ አበባ ጫፍ፣ ከፉሪ ለቡ ተነስቶ በአዳማ አድርጎ ድሬዳዋ ያደርስሻል። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ የአገራችን መብራት ደግሞ አብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው። በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል ቀኑን አስቀድመሽ አጣሪ። ከድሬዳዋ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ በሚኒባስ ትደርሻለሽ።

ሐረር ከገባሽ በኋላ መኪና ምንም አያስፈልግሽም። ጀጎል በእግር የሚታይ ከተማ ነው፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ አህያና ሰው ብቻ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ አለ። ግንብ ውስጥ ያሉ የሐረሪ ቤተሰቦች የጥንቱን ቤታቸውን ለእንግዳ ያከራያሉ። እዚያ እደሪ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት፣ ደረጃ ደረጃ የሆነውን መደብ ታያለሽ፤ የምትከፍይው ብር ያ ቤት ሳይፈርስ እንዲቆይ ያግዛል። ልጅሽንም ይዘሻት ነይ።

ጥያቄ፦ ሰላም። ከጓደኞቼ ጋር ቀይ ቀበሮ ለማየት በጥር ወር በራሳችን መኪና ባሌ ልንሄድ ነው። ውሻችንን ይዘን መግባት እንችላለን? ጸባዩ ጥሩ ነው፣ ማንንም አይነካም። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይ፣ እባካችሁ አትውሰዱት። ችግሩ ጸባዩ አይደለም፣ በሽታ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ቢሆኑ ነው። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያሉት። እነዚህን እንስሳት በአንድ ጊዜ የሚጨርሳቸው ከውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ ባለው የዌብ ሸለቆ ገብቶ እዚያ የነበሩትን አብዛኞቹን ፈጅቷል። ከዚያም በ2008 እና በ2014 ተመልሶ መጥቷል። ዲስተምፐር የሚባለውም የውሻ በሽታ እንደዚሁ ገድሏቸዋል። ቀበሮዎቹ በቤተሰብ ተሰባስበው ስለሚኖሩ፣ ጠዋትና ማታም ሲገናኙ ስለሚላላሱ፣ አንዷ ከታመመች ቤተሰቡ በሙሉ ይያዛል። የእረኞቹን ውሾች እንኳ በየመንደሩ እየዞሩ የሚከትቡ ሰዎች አሉ። እናንተ ከከተማ ሌላ ውሻ አትጨምሩባቸው።

የመረጣችሁት ወር ግን ጥሩ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ገብታችሁ አስጎብኚ ያዙ፣ የደጋ አጋዘን እዚያው ጽሕፈት ቤቱ አካባቢ ታያላችሁ። ሰነቴ ላይ ስትወጡ ቀስ ብላችሁ ንዱ። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቀበሮዎቹ የሚያድኑበትን ሜዳ መሃል ለመሃል ነው የሚያልፈው። ቀበሮ ብታዩ ሞተር አጥፉና መኪና ውስጥ ሆናችሁ ጠብቁ። ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ ከመንገድ ወጥታችሁ አትከተሏት፤ የምትበላቸው አይጦችና ፍልፈሎች ጉድጓድ ያለው እዚያው ጎማ የሚያልፍበት ሣር ሥር ነው። ውሻችሁን ለጎረቤት ስጡት፣ የእብድ ውሻ ክትባት ካልወሰደም ከመሄዳችሁ በፊት አስከትቡት።