የሕግ ምክር፦ ቀይ ቁጥር የተጻፈበት አሮጌ ቤት

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው፤ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ መቶ ዓመት አልፎታል የሚባል ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለ። ታችኛው በድንጋይ፣ ላይኛው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ሲሆን ዙሪያውን በረንዳ አለው። በ1967 ዓ.ም. ተወርሶ የቀበሌ ቤት ከሆነ ወዲህ ስድስት አባወራ ይኖርበታል። ባለፈው ወር ሰዎች መጥተው ግቢውን ለኩና ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈው ሄዱ። ምን ሊደረግ እንደታሰበ የነገረን የለም። ቤቱን በቅርስነት ማስመዝገብ እንችላለን? እንዳይፈርስ በፍርድ ቤት ማሳገድስ? አንዱ ተከራይ ደግሞ የበረንዳውን እንጨት እየነቀለ በብሎኬት መተካት ጀምሯል፤ ይህ ይፈቀዳል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የፍርድ ቤቱን ነገር ወደ ኋላ ላቆየው። ሰው ወደ ጠበቃ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ዶዘሩ ደጃፍ ከቆመ በኋላ ስለሆነ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ እግድ ነው። ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘው ቢሮዬ የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። አንደኛው በፕላስቲክ የተጠቀለለ የሠርግ ፎቶግራፍ ከደረት ኪሳቸው አወጡ፤ ከሙሽሮቹ በስተጀርባ ቤቱ ከነበረንዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዳኛዋም ፎቶግራፉን በጥሞና ተመለከቱት። ከዚያ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቧል?» ሽማግሌዎቹ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደጋግመው አመልክተው ነበር፤ ግን በቃል ነው። ማመልከታቸውን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት በእጃችን አልነበረችም። እግዱ ሳይሰጥ ቀረ፤ በሳምንቱ ከቤቱ የተረፈው የድንጋይ መሠረቱ ነበር። ያ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። እናንተ ግን ገና ጊዜ አላችሁ፤ ስለዚህ ከወረቀቱ እንጀምር።

ማስመዝገብ ትችላላችሁ ወይ ላሉት፣ አዎ፤ መጠየቅ ትችላላችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 91(2) ታሪካዊ ቦታዎችንና ቅርሶችን መጠበቅን የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ አድርጎ ደንግጓል። ስለዚህ የእድሩ አባላት ይህን ጉዳይ ይዛችሁ ቢሮ ስትገቡ «እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚል ቢገጥማችሁ መልሱ እዚያው ተጽፏል። ዝርዝሩ ያለው በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ውስጥ ነው። አዋጁ ቅርስ የሚለው በታሪክ፣ በሳይንስ፣ በባህል፣ በሥነ ጥበብ ወይም በዕደ ጥበብ ይዘቱ ከፍ ያለ ዋጋ ያለውን የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ነው። የንጉሥ ወይም የመኳንንት ቤት መሆን አለበት አይልም። እንደገናም አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን ብሔራዊና የክልል ብሎ ስለሚመድብ፣ ቤታችሁ ለአገር ሁሉ ትልቅ ስም ያለው መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ለከተማዋና ለሰፈሩ ያለው ዋጋ ራሱን ችሎ ክብደት አለው።

ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው ግን እዚህ ላይ ነው። «ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ ነው» ተብሎ ይጻፍና ያበቃል። ዕድሜ ብቻውን የትም አያደርስም፤ ባለሙያው የሚፈልገው ቤቱ የሚናገረውን ነገር ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የአዲስ አበባ ሙዚየም አስቡት። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ የነበረ ነው፤ ግን የባለቤቱ ስም ባይታወቅ እንኳ በረንዳው፣ ሰፋፊ መስኮቶቹና የእንጨት ሥራው ከተማዋ ገና ስትቆረቆር ባለሙያ ምን ይሠራ እንደነበር ይመሰክራሉ። የእናንተም ቤት እንዲህ ይመሰክር። የሠራው ማን ነው? አናጺውስ? ጭቃው ተነቅሎ በሲሚንቶ የተተካው የትኛው ግድግዳ ነው፣ ያልተነካውስ? ደረጃው የመጀመሪያው ነው? ከጣሪያው ጠርዝ የሚንጠለጠለው የተፈለፈለ እንጨት ስንት ክንድ ቀርቷል? በቤቱ ውስጥ ትምህርት ቤት፣ ችሎት፣ ወይም የእድራችሁ የመጀመሪያ ስብሰባ ተካሂዶ ከሆነ ይጻፍ። የተለወጠውንም አትደብቁ። ባለሙያ ሲመጣ ማየቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ እውነቱም ጭምር ይጠረጠራል።

ፎቶግራፍ ስታነሡ ከአራቱም አቅጣጫ፣ ከዚያም ቀረብ ብላችሁ መገጣጠሚያዎቹን አንሡ፤ ቀዩን ቁጥርም ጭምር። በሰፈሩ ረጅም ዕድሜ የኖሩ ሦስት አራት አዛውንት የሚያውቁትን ተናግረው፣ ተጽፎ፣ ስማቸውና ፊርማቸው ይሥፈርበት። የሰሙትንና በዓይናቸው ያዩትን ለይተው ይናገሩ። እድሩ ደግሞ ስብሰባ ጠርቶ ቃለ ጉባኤ ይያዝና ጉዳዩን የሚከታተሉ ሦስት ሰዎች ይወክል።

ማመልከቻው ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይቀርባል፤ ግልባጩ ለከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ እና ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይሁን። በመዝገብ ቤት በኩል ገቢ አድርጉት፤ የእናንተ ቅጂ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳይመታበት ከመስኮቱ አትነሡ። ሽማግሌዎቹን የጎዳቸው ይህች ማኅተም አለመኖሯ ነው። በተመሳሳይ ቀን ሁለተኛ ደብዳቤ አስገቡ፦ ለወረዳው፣ በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ቤቱ ላይ ቁጥር የተጻፈው ለምን እንደሆነ፣ የተወሰነ ነገር ካለም የውሳኔው ቅጂ እንዲሰጣችሁ የሚጠይቅ። በአዋጁ መሠረት ምላሽ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጣችሁ ይገባል። ቀዩ ቁጥር ምናልባት የቤት ቆጠራ ይሆናል፤ ምናልባትም የማፍረስ ዝግጅት። በግምት ከመጨነቅ በጽሑፍ ማወቅ ይሻላል፤ ዝም ከተባላችሁም ዝምታው ራሱ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የሚቀርብ አቤቱታ ይሆናል።

የባለቤትነቱ ነገር በእናንተ ጉዳይ ለየት ይላል። የቅርስ አዋጁ ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም እጅ ሊሆን እንደሚችል ተቀብሎ፣ የያዘው አካል በራሱ ወጪ እንዲጠብቀው ያስገድዳል፤ የጥገናው ወጪ ከአቅም በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊያግዝ ይችላል። ቤታችሁ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሰ ስለሆነ ባለቤቱ መንግሥት ነው። ስለዚህ ቤቱ ከተመዘገበ የመጠበቅ ግዴታው የሚያርፈው ኪራይ በሚሰበስበው አካል ላይ ነው። የጣሪያው ፍሳሽ፣ የተላጠው የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ሁሉም። ሽቦውን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም፤ በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ላይ የደረሰው ቃጠሎ የእንጨት ሕንፃ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚታጣ ሁላችንንም አስደንግጦናል። ለቤቶች አስተዳደሩ የጥገና ጥያቄ በጽሑፍ ማቅረብ ከዛሬ ጀምራችሁ ትችላላችሁ።

በአካባቢያችሁ እንዲህ ያሉ ቤቶች ተጠጋግተው ካሉ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ቦታውን «የተከለለ ቦታ» ብሎ በነጋሪት ጋዜጣ ሊያውጅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለ ፈቃድ ግንባታም ቁፋሮም አይካሄድም። መንገዱ ረጅም ስለሆነ አሁን ዋናው ቤቱን ማስመዝገቡ ነው።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ። በሐቅ ልናገር፤ በሩ ጠባብ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 33 መሠረት ከሳሽ የሚሆነው በክርክሩ ነገር ላይ መብት ወይም ጥቅም ያለው ሰው ነው። ስድስቱ ተከራዮች ሕጋዊ ሥርዓት ሳይከተል ቢነኩ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 «ሁከት ይወገድልኝ» ሊሉ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረትም ጊዜያዊ እግድ ሊጠይቁ ይችላሉ። ነገር ግን ይህ የሚጠብቀው ይዞታቸውን ነው። ምትክ ቤት ተሰጥቷቸው ሲነሡ ክርክሩ አብሯቸው ይነሣል፤ ቤቱ ግን ብቻውን ይቀራል። የከተማው አስተዳደር መሥሪያ ቤት ቤቱ እንዲፈርስ ወይም እንዳይመዘገብ የወሰነው ውሳኔ ካለ፣ በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 በኩል በፍርድ ቤት እንዲከለስ መጠየቅ ይቻላል፤ አስቀድሞ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለውን የቅሬታ ሥርዓት መጨረስ ግድ ነው። የጊዜ ገደብ ስላለውም ውሳኔው በደረሳችሁ ዕለት ጠበቃ ዘንድ ሂዱ።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወንዝ ሲበከል ማንኛውም ሰው የግል ጥቅም እንዳለው ሳያስረዳ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። ለአሮጌ ቤት ግን የቅርስ አዋጁ እንዲህ ያለ ግልጽ በር አልከፈተም። ይሁንና የአካባቢ ሕጋችን «አካባቢ» ሲል ማኅበራዊ ሁኔታዎችንና ውበትን ጭምር ያካትታል፤ በዚህ ላይ ተመሥርቶ መከራከር ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ይህ የእኔ ክርክር እንጂ የተጠረገ መንገድ ስላልሆነ ብቻውን አትተማመኑበት።

የመጨረሻው የተከራዩ ጉዳይ ነው። በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገናና እድሳት ሁሉ የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቅርስን ሆን ብሎ ማበላሸትም ከባድ የእስር ቅጣት ያስከትላል። ቤቱ ገና ስላልተመዘገበ ሰውየውን በዚህ አትክሰሱት። ግን የቀበሌ ቤት ተከራይ ያለ አከራዩ ፈቃድ ግንባታ መቀየር ስለማይችል ሥራው መቆም አለበት። በክስ ከመጀመር እድሩ ሁለት ሽማግሌ ይላክበት፤ ምናልባት እንጨቱ በስብሶበት፣ ልጆቹ እንዳይወድቁ ፈርቶ ይሆናል። ከሆነ ለጊዜው በጣውላ ይደገፍለት፤ ብሎኬቱ ይቅር። የተነቀሉትንም ፍልፍል እንጨቶች ለማገዶ እንዳይሄዱ ዛሬውኑ ሰብስባችሁ፣ ከየት እንደተነቀሉ በጠመኔ ጽፋችሁባቸው፣ በእድሩ ዕቃ ቤት ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሯቸው። ባለሙያው ሲመጣ መጀመሪያ የምታሳዩት እነርሱን ይሆናል።