ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር ዝቅ በሉ

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት አውሮፕላን ስጠግን ነው። ምክሬ ከጠጋኝ ዓይን የመጣ መሆኑን አስቀድማችሁ እወቁልኝ፤ አብራሪ ቢጽፍላችሁ ኖሮ ስለ ፍጥነትና ስለ ከፍታ ይተርክላችሁ ነበር። በአውሮፕላን ሙዚየሞች የማያቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ከአንዱ ወደ ሌላው ይጣደፋሉ። አዳራሹን ሙሉ ዞረው ይወጣሉ፤ አንድ አውሮፕላን ግን በቅጡ አላዩም። ፎቶ ማንሳቱ አይከፋም፤ የሚከፋው ፎቶው እንደተነሣ ዘወር ማለቱ ነው።

ማንኛውም የጦር አውሮፕላን የብዙ ውሳኔ ውጤት ነው። ክብደት ለመቀነስ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ወይም ቦምብ ለመጨመር ሲባል የሆነ ነገር ተትቷል። የተተወው ነገር ዕዳ ደግሞ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሙዚየም ስትገቡ ያንን ሰው ፈልጉት።

ለንደን ውስጥ ሄንደን በሚገኘው የብሪታንያ አየር ኃይል ሙዚየም ሁለት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣዮች አሉ፤ ላንካስተርና ሃሊፋክስ። ላንካስተሩ ባለ ዝና ነው። ከመቶ ጊዜ በላይ ዘምቶ የተመለሰ፣ ጎኑ ላይ ለእያንዳንዱ ዘመቻ አንዲት የቦምብ ምልክት የተሳለችለት ነው። ከምልክቶቹ አጠገብም የጀርመኑ አየር ኃይል አዛዥ የጎሪንግ ፉከራ፣ በጀርመን ምድር ላይ የጠላት አውሮፕላን አይበርም ያለው፣ ለፌዝ ተጽፏል። ጎብኚ ሁሉ እዚያ ጋ ቆሞ ይስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ።

ከሳቃችሁ በኋላ ወደ አፍንጫው ሥር ዝቅ በሉ። ወለሉ ላይ፣ አውሮፕላኑ ሲመታ የበረራ አባላቱ በፓራሹት የሚዘሉበት መውጫ አለ። ስፋቱ 22 ኢንች ነው፤ 56 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የሃሊፋክሱ 24 ኢንች ነው። ልዩነቱ አምስት ሴንቲ ሜትር! በወጣትነቱ በብሪታንያ አየር ኃይል የቦምብ ጣይ ዕዝ የጥናት ክፍል ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ፍሪማን ዳይሰን እንደተናገረው፣ ተመተው ከወደቁ ሃሊፋክሶች ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ሲተርፍ፣ ከላንካስተር የሚተርፈው ከመቶ 15 ያህል ብቻ ነበር። ወፍራም የበረራ ልብስ ለብሳችሁ፣ ፓራሹት ደረታችሁ ላይ አስራችሁ፣ በጨለማ እየነደደ በሚሽከረከር አውሮፕላን ውስጥ በዚያች ቀዳዳ ለመሹለክ እስቲ ሞክሩ። በሐሳባችሁ ማለቴ ነው፤ የተከለለውን ገመድ አልፋችሁ እንዳትገቡ። ከዚያ ወደ ጅራቱ ሂዱ። የኋላው ተኳሽ መቀመጫ ከመጥበቡ የተነሣ ፓራሹቱን ይዞ መግባት አይችልም ነበር፤ ከጀርባው ካለው በር ወዲያ ይተወዋል። ሲመታ ዞሮ በሩን ከፍቶ ማምጣት አለበት።

ላንካስተር ብዙ ቦምብ ስለሚሸከም አዛዦቹ ይወዱት ነበር። ያ ሁሉ ዘመቻ በምልክት ተቆጥሮ ጎኑ ላይ ይታያል፤ የመውጫው ጥበት ግን የትም አልተሳለም። በዚያ ዕዝ ካገለገሉት 125,000 ገደማ የበረራ አባላት 55,573ቱ ሞተዋል። ከ7,300 በላይ ላንካስተሮች ተሠርተው ከግማሽ በታች ናቸው ጦርነቱን የተሻገሩት። በፊታችሁ የቆመው እንግዲህ የዕድለኞች ዕድለኛ ነው፤ በእርሱ የሌሎቹን ዕጣ አትገምቱ።

ሃሊፋክሱን ደግሞ ሳታዩ እንዳትወጡ። እ.ኤ.አ. በ1942 ቲርፒትዝ የተባለውን የጀርመን የጦር መርከብ ለመምታት ወደ ኖርዌይ ዘምቶ ተመታና በረዶ በጋገረ ሐይቅ ላይ በሆዱ አረፈ። ሠራተኞቹ በሕይወት ወጡ። በረዶው ሲቀልጥ አውሮፕላኑ ሰጠመ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሐይቁ ወጥቶ በአብዛኛው እንደወጣ፣ ሳይቀባና ሳይታደስ ቆሟል። የተጨማደደ ቆርቆሮ፣ የተበላ ብረት፣ ባዶ የሪቬት (የቆርቆሮ ማያያዣ ምስማር) ቀዳዳ። ብዙ ሰው አይቶት ያልፋል። ለእኔ ግን በአዲስ ቀለም ከሚያብረቀርቁት ሁሉ እርሱ ይበልጥብኛል፤ ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናላ።

ተዋጊ አውሮፕላኖቹን በተመለከተ እግራቸውን እዩ። የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ጎማዎቹን የተከለው ክንፉ ላይ ሳይሆን ገላው ላይ ነው። በዚህም ምክንያት ክንፎቹ ቢፈቱ እንኳ በእግሩ ይቆማል፣ በባቡር ለመጫንም ይቀላል። ለእኔ ቢጤ ጠጋኝ ሠርግና ምላሽ ነው። አብራሪው ግን እግሮቹ ተቀራርበው የቆሙ፣ ሲነሣና ሲያርፍ በቀላሉ ወደ ጎን የሚሸሽ አውሮፕላን ተሸከመ፤ በዚህ የተነሣ በመንደርደሪያው ላይ የተሰባበሩት ብዙ ናቸው። ሁሪኬን የተባለው የእንግሊዝ ተዋጊ በአንጻሩ እግሩ ሰፊ፣ የኋላ ገላው በጨርቅ የተሸፈነ ነው። ስፒትፋየር የተባለው ሌላው የእንግሊዝ ተዋጊ አጠገቡ ሲቆም አሮጌ ይመስላል። ነገር ግን ጥይት በጨርቁ አልፎ ሲሄድ ተጣፍቶ በቶሎ ይመለሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1940 የብሪታንያ ሰማይ ላይ በተደረገው ውጊያም ከስፒትፋየር ይልቅ ብዙ የጠላት አውሮፕላን የጣለው እርሱ ነው። ዝናውን የወሰደው ግን ቆንጆው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ቅርንጫፍ በሆነው ኡድቫር ሄዚ ማዕከል፣ ኢኖላ ጌይ የተባለው ቢ 29 የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ቆሟል። ነሐሴ 6 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. ሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ የጣለው ራሱ ነው። ስሙ የአብራሪው እናት ስም ነው። ስለ አሠራሩ ካወራን ድንቅ ነው፤ ሠራተኞቹ ከፍታ ላይ ያለ ኦክስጅን ጭምብል የሚተነፍሱበት ግፊቱ የተጠበቀ ክፍል ነበረው፣ ይህ በዘመኑ ለቦምብ ጣይ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ አውሮፕላን ላይ ግን ዕዳው የወደቀበትን ሰው ውስጡ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ከሥር ነበር። ስሚዝሶኒያን እ.ኤ.አ. በ1995 የቦምቡን ጉዳት ጭምር የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅ፣ ከአርበኞች ማኅበራትና ከምክር ቤት አባላት በተነሣ ቁጣ ዝግጅቱ እጅግ ተቆርጦ ቀረበ፣ የሙዚየሙ ዳይሬክተርም ሥራቸውን ለቀቁ። ስለዚህ ከአውሮፕላኑ ፊት ያለውን ጽሑፍ ስታነቡ፣ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን እነማን ተከራክረውበት እንደተጻፈም አስቡ። የክንፍ ርዝመትና የሞተር ጉልበት ብቻ የሚናገር ጽሑፍም ውሳኔ ነው። ከዚህ አውሮፕላን አጠገብ ፈገግ ብሎ ፎቶ የሚነሣ ሰው ሳይ ደስ አይለኝም፤ ሽማግሌ ስለሆንኩ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጉብኝቱ ራሱ ብዙ የምለው የለኝም። ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ወይም ሦስት አውሮፕላን ምረጡ፣ ስለ እነርሱ አንብባችሁ ሂዱ፣ ሌሎቹን ያለ ጸጸት እለፏቸው። በእጅ አትንኩ፤ የእጅ ላብ ብረት ይበላል። ከፊታችሁ ያለው እውነተኛ ይሁን በአምሳሉ የተሠራ ጠይቁ፤ በየሙዚየሙ ደጅ ዝናብ የሚመታቸው አንዳንድ ስፒትፋየሮች የፋይበር ግላስ ቅጂዎች ናቸው።

በብዙ ሙዚየሞች ጡረታ የወጡ አብራሪዎችና ቴክኒሻኖች በበጎ ፈቃድ ያገለግላሉ። ጎብኚ ሁሉ የሚጠይቃቸው ፍጥነቱ ስንት ነው እያለ ነውና ሰልችቷቸዋል። እናንተ እዚህ የሌለው የትኛው አውሮፕላን ነው ብላችሁ ጠይቋቸው። ስተርሊንግ የተባለው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ከ2,300 በላይ ተሠርቶ፣ ዛሬ አንድም ሙሉው በዓለም ላይ የለም፤ ከጦርነቱ በኋላ ተቆራርጦ ለብረት ተሸጠ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ካነሣችሁባቸው ወንበር ፈልጉ፤ መልሱ አጭር አይሆንም።