ጠራራ ፀሐይ ላይ ኤፍ 2 ከፍተህ ፎቶው ለሚነጣብህ

በዜኒት-ኢ (የድሮ የሶቪየት የፊልም ካሜራ)፣ በ200 ፊልም (200 የፊልሙ የብርሃን ስሜት ነው፣ አይኤስኦ)፣ በቀትር ፀሐይ ኤፍ 2 አይሆንም። ኤፍ የሌንሱ ክፍተት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱ ይሰፋል። ጀርባው እንዲደበዝዝ ፈልገህ ነው፤ ግን ብርሃኑ 1/16000 ሰከንድ አካባቢ የመዝጊያ ፍጥነት ይጠይቅሃል፣ የካሜራህ መጨረሻ ደግሞ 1/500 ነው። የነጣብህ ለዚህ ነው።

1. ፀሐይ ላይ መነሻህ 1/250 እና ኤፍ 16 ይሁን።

2. ሌንሱን አንድ እርምጃ (ብርሃኑን በእጥፍ የሚጨምር፣ ለምሳሌ ከኤፍ 16 ወደ ኤፍ 11) በከፈትክ ቁጥር ፍጥነቱን በእጥፍ ጨምር። ኤፍ 11 ላይ 1/500 ትደርሳለህ፤ ከዚያ በኋላ መሄጃ የለህም።

3. ስለዚህ ሰውየውን ጥላ ውስጥ አስገባው። ሰማዩ ክፍት በሆነበት ጥላ 1/500 ይዘህ ኤፍ 2.8 ድረስ መክፈት ትችላለህ፣ ወይም 1/250 በኤፍ 4። ቀረብ ብለህ አንሳው፤ ከኋላው ያለው ግድግዳም ይራቅ። በ58 ሚሊ ሜትሩ ሄሊዮስ ሌንስ ጀርባው በደንብ ይደበዝዛል። ለፊት ፎቶ እኔ እንዲያውም ኤፍ 4ን እመርጣለሁ፤ ዓይኑ ጠርቶ ጆሮው አይጠፋም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ካሜራው ላይ ያለው የብርሃን መለኪያ የሴሌኒየም ነው። ባትሪ አይፈልግም፣ ግን ያረጃል፤ እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ይዋሻሉ። በስልክህ የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ አመሳክረው። ካመነታህ ወደ ብዙ ብርሃን አድላ፤ ኔጌቲቭ ፊልም አንድ እርምጃ ትርፍ ብርሃን ይችላል፣ ጉድለቱን ግን አይምርም።