ፊርማው ካንቺ ጋር ብቻ ከሆነ ሥራውም ካንቺ ጋር ይቀራል

ሰላም እህቴ። «ድርጅቱን ከመሠረትኩ 6 ዓመት ሆነኝ፣ 8 ሠራተኞች አሉኝ፣ ሦስት ቀን ከቢሮ ከራቅሁ ግን ሁሉ ነገር ይቆማል፤ ኃላፊነት እንዴት ላካፍል?» ብለሽ ጠይቀሻል። በዚህ አልፌበታለሁና ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

እኔ ደሴ ውስጥ ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም የሚያቀርብ ትንሽ ድርጅት ነው የምመራው። አንድ ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ታይፎይድ ጣለኝ። አስተባባሪያችን ጎበዝ ናት። ፕሮፎርማ ሰብስባ፣ ዋጋ አወዳድራ ጨርሳ ነበር። ቼክ ላይ የምንፈርመው ግን እኔና አንድ የቦርድ አባል ብቻ ነን። አስተባባሪዋም «ታማለች» ብላ እኔን ሳታስጨንቅ ዝም አለች። መስከረም ትምህርት ተከፈተ፤ ደብተሩ የደረሰው ጥቅምት ላይ ነው። ልናድል ስንሄድ አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ የታላቅ እህቷን ያለቀ ደብተር ገልብጣ፣ በተረፉት ገጾች ላይ እየጻፈች አገኘኋት። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ለካ ለአስተባባሪዋ ሥራ እንጂ ሥልጣን አልሰጠኋትም። ብዙዎቻችን ውክልና የምንለው መላክን ነው።

ዕድራችንን እዪው። ሊቀመንበሩ አገር ቤት ቢሄድ ድንኳን ሳይተከል ይቀራል? አይቀርም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው እጅ ነው። ገንዘብ ያዡም ለሐዘንተኛ ስንት እንደሚሰጥ ከደንቡ ያውቀዋል። ማን ምን እንደሚወስን ቀድሞ ተጽፏል።

እኛም ይህንኑ አደረግን። በቦርዱ ውሳኔ አስተባባሪዋ ሦስተኛ ፈራሚ ሆነች፤ ከሦስታችን ሁለታችን ከፈረምን ይበቃል። በጸደቀው በጀት ውስጥ እስከ 30,000 ብር ድረስ እኔን ሳትጠይቅ ትወስናለች። ይህ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለሁሉም ሠራተኛ ተነበበ። ዋጋ የሚያወዳድረውና ቼክ የሚፈርመው አንድ ሰው እንዳይሆን ግን አደራ። እሷ ፈራሚ ስትሆን ፕሮፎርማ መሰብሰቡን ወደ ሌላ ሠራተኛ አዛወርነው።

«ሁለተኛ ኃላፊ ለመያዝ በጀት የለንም፣ አስተዳደራዊ ወጪያችን ይበዛል» የሚሉ አሉ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ደመወዝ እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ፕሮፖዛል ስትጽፊ የአስተባባሪውን ቦታ ከመጀመሪያው አስገቢው።

ከሁሉም የከበደኝ የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። አስተባባሪዋ እኔ ከማልመርጠው ነጋዴ የዩኒፎርም ጨርቅ ገዛች። ልናገር ቃጣኝና ዋጥ አደረግሁት። ጨርቁ ምንም አልሆነም። ደግሞ ሠራተኞቹ ስለለመዱ እሷን ዘለው እኔ ቢሮ ይመጣሉ። አንዱ የመኪና ኪራይ ወረቀት ይዞ በሬ ላይ ቆመ። ለመፈረም ግማሽ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። «እሷ ጋ ነው የሚያልቀው» ብዬ መለስኩት። ቅር አለው። ያን ቀን ብፈርም ኖሮ ግን የጻፍነው ገጽ ዋጋ አይኖረውም ነበር። አንድ ወር ያህል እንዲህ ስመልሳቸው በሬን ማንኳኳቱን ተዉት።

አሁን እናንተ ጋ ቼክ የሚፈርሙት እነማን ናቸው? እሱን ጻፊልኝና ከዚያ እንቀጥል።