የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ስልክ ባለበት ዘመን የበግ መጽሔት ማን ይገዛል?

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለመንዝ በግ አርቢዎች 32 ገጽ ያለው ወርኃዊ መጽሔት ልንጀምር ነው። የሰማን ሁሉ «ወረቀት ሞቷል፣ ቴሌግራም ክፈቱ» ይለናል። እውነት ነው? ወጪውስ በምን ይሰላል?

መልስ፦ የሞተው ወርኃዊው ነው። የገበያ ዋጋ ማተሚያ ቤት ገብቶ እስኪወጣ ስለሚያረጅ እሱን በቴሌግራም ልቀቁት። ለወረቀት የሚሆነው አርቢው ግድግዳ ላይ ለጥፎ ዓመቱን የሚያየው ነው፦ የክትባት ሰሌዳ፣ የመኖ ቅይጥ መጠን፣ የጉበት ትል መድኃኒት መስጫ ጊዜ። ለዚህ በዓመት ሁለት እትም ይበቃል። በግ ማድለብ 3 ወር ያህል ስለሚወስድ የእንቁጣጣሹ እትም በግንቦት መጨረሻ፣ የፋሲካው በታኅሣሥ አጋማሽ አርቢው እጅ ይግባ። ከዚያ ከዘገየ ምክሩ ለዚያ በዓል አይደርስም።

ወደ ወጪው እንምጣ። በኦፍሴት፣ ማለትም ገጹ በተቀረጸበት ስስ የብረት ሰሌዳ (ፕሌት) በሚታተምበት ዘዴ፣ 100 ቅጂም ታተመ 3,000፣ የፕሌቱ ዋጋ ያው ነው። በትልቅ ማሽን አንድ ወረቀት በአንድ ፊቱ 8፣ በሁለቱም 16 የኤ4 ገጽ ይይዛል። ስለዚህ 32 ገጽ ማለት ሁለት ወረቀት፣ አራት ፊት ነው። ባለ ሙሉ ቀለም ከሆነ ለእያንዳንዱ ፊት 4 ፕሌት ስለሚያስፈልግ 16 ፕሌት ይሆናል፤ በጥቁር ብቻ ግን 4። ማሽኑ ግማሽ ወረቀት የሚወስድ ከሆነ ሁለቱም በእጥፍ ያድጋሉ። ስለዚህ ውስጡን በጥቁር፣ ሽፋኑን ብቻ በቀለም አሳትሙ። ያማረ የሙክት ፎቶ ካላችሁም ቦታው ሽፋኑ ነው። ቅጂው ከጥቂት መቶ ካላለፈ ፕሌት የማይፈልገው ዲጂታል ኅትመት ይሻላል። በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ገጹ በ4 መካፈል አለበት፤ 34 ገጽ የሚባል የለም።

ማጓጓዣውንም አትርሱ። ውስጡ በካሬ ሜትር 80 ግራም፣ ሽፋኑ 150 ግራም የሚመዝን ወረቀት ከሆነ አንዱ ቅጂ 100 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 1,000 ቅጂ 100 ኪሎ ነው።

ፕሮፎርማ ከሦስት ማተሚያ ቤት ውሰዱ። መጠኑን፣ የገጹን ብዛት፣ የወረቀቱን ግራም፣ ቀለሙንና ስፌቱን ለሦስቱም አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉ፤ ካልሆነ ዋጋው አይወዳደርም። ወረቀቱ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ደግሞ የምንዛሪውን ዋጋ ገበያው ነው የሚወስነው። ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና፣ ቫት መጨመሩንም ጠይቁ።

ስንት ይታተም? አስቀድመው በቴሌብር በከፈሉት ልክ፣ ትንሽ ትርፍ ጨምሮ። ለሱቅ በአደራ የሚሰጥ ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ ተጣጥፎ ይመለሳል። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ግን ሌላ ነው፤ አርቢው ራሱ ይመጣበታል፣ ባለቤቱም ማስታወቂያ ሊያወጣ ይችላል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ጽሑፋችን ማተሚያ ቤት ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነ። ፎቶዎቹም ደበዘዙ።

መልስ፦ የጻፋችሁት በአሮጌ የግዕዝ ፎንት ነው። እነዚህ ፎንቶች የአማርኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ስለሚያስቀምጡ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላቲኑ ይወጣል። ጽሑፉን ለእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው ወደ ዩኒኮድ ቀይሩ፤ ከቀየራችሁ በኋላ በዓይን አንብቡት፣ አንዳንድ ፊደል ሊስት ይችላል። ለማተሚያ ቤቱ የዎርድ ፋይል ሳይሆን ፎንቱ የታቀፈበት ፒዲኤፍ ስጡ። በ«።» የሚጀምር መስመር እንዳይኖርም እዩ።

ፎቶውን ያደበዘዘው ቴሌግራም ይመስላል፤ በፎቶነት የተላከውን ያሳንሰዋል። በፋይልነት ይላክ። ሽፋኑን ጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚሞላ ፎቶ ለመቆረጫ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ተጨምሮለት ወርዱ ቢያንስ 2,550 ፒክስል ይሁን። ወርዱ 1,280 ፒክስል ብቻ የሆነ ፎቶ ግን ከ11 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሰፋ ይደበዝዛል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ስለ ሽንኩርትና ማሾ የምናዘጋጀውን መጽሔት ፒዲኤፉን በነፃ ብንለቅ ሽያጩን ይገድለዋል?

መልስ፦ ያለፈውን እትም ልቀቁ፣ አይጎዳም። 21 ሴንቲ ሜትር የሆነው የኤ4 ወርድ 7 ሴንቲ ሜትር ስልክ ላይ ሲገባ ባለ 10 ነጥብ (ፖይንት) ፊደል ከ3 ነጥብ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ማንም አያነበውም። ለስልክ የሚሆነውን፣ ለምሳሌ የመዝሪያ ርቀትን ሰንጠረዥ፣ ለብቻው በትልቅ ፊደል ሠርታችሁ ልቀቁ፤ ከሥሩም የመመዝገቢያ ስልካችሁን አስገቡ።