ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች አመራርን ማጥናት ከንግድ ሥራ አስተዳደር በምን ይለያል?

ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች አመራርና አስተዳደር ከንግድ ሥራ አስተዳደር በምን እንደሚለይና ራሱን ችሎ በዩኒቨርሲቲ ሊጠና የሚገባው መሆን አለመሆኑን ጠይቀዋል። ልዩነቱ የሚጀምረው ከገንዘቡ ነው። እነዚህ ድርጅቶች ከወጪያቸው የበለጠ ገቢ ማግኘት አይከለከሉም፤ የሚከለከሉት ትርፉን ለመሥራቾች ወይም ለቦርድ አባላት ማከፋፈል ነው፤ የሕግ ምሁሩ ሄንሪ ሃንስማን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት የዘርፉ መለያ አድርጎ ያስቀመጠውም ይህንኑ ገደብ ነው። ባለአክሲዮን ስለሌለ ሥራ አስኪያጁን የሚቆጣጠረው ቦርዱ ነው፤ ወጪውን የሚሸፍነው ለጋሽ ብዙውን ጊዜ ከአገልግሎቱ ተጠቃሚ የተለየ በመሆኑም፣ ተጠቃሚው ባይረካ እንኳ የድርጅቱ ገቢ ላይቀንስ ይችላል። በእኔ እምነት የትምህርቱ ዋና ፋይዳ ይህን ክፍተት መረዳት ነው፤ የክትትልና ግምገማ ኮርስም ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ አንጻር ነው፣ ምክንያቱም ስንት ሰው ሠለጠነ የሚለው ቁጥር ሥልጠናው ያመጣውን ለውጥ አያሳይም።

የፋይናንስ ኮርሱን፣ ሒሳብ ባይወዱም እንኳ (ብዙዎች ይሸሹታል)፣ አይለፉት። ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተሰጠ ገንዘብ ያለ ለጋሹ ፈቃድ ለሌላ ወጪ ስለማይውል፣ ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ ያለው ድርጅት የሠራተኞቹን ደመወዝ መክፈል ሊያቅተው ይችላል። ፕሮግራም ሲመርጡ የገንዘብ ማሰባሰብና የበጎ ፈቃደኞች አስተዳደር መካተታቸውን፣ ከሁሉም በላይ ግን በድርጅት ውስጥ የሚደረግ የተግባር ልምምድ መኖሩን ያጣሩ። በዘርፉ የሥራ ልምድ ከሌለዎት፣ ማስተርሱን ከመጀመርዎ በፊት ጥቂት ጊዜ በበጎ ፈቃደኝነት ቢያገለግሉ የተሻለ ይመስለኛል።